በገዛ ፈቃዴ የመረጥሁት ለውጥ ለምን ያስለቅሰኛል? ከመነሻው ጥያቄ እስከ 31ኛው ምላሽ

መነሻው ጽሑፍ

ለ11 ዓመታት በሒሳብ ምርመራ ሙያ ስሠራ ቆይቼ ከአራት ወራት በፊት ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ ለቅቄ የነርስነት ትምህርት ጀምሬአለሁ። ውሳኔው የችኮላ አልነበረም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አውጥቼ አውርጄበታለሁ፣ ገንዘብ አጠራቅሜበታለሁ፣ ከቤተሰቤ ጋር መክሬበታለሁ። ያባረረኝም የገፋኝም የለም። እንዲያም ሆኖ ጠዋት ስነሣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል፤ ከትምህርት ክፍል ስወጣ ዕንባዬ ይቀድመኛል፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነቅቼ ጣሪያውን እያየሁ የማነጋባቸው ቀናትም ጥቂት አይደሉም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከሥራ ስሰናበት የመግቢያ ካርዴን አስረክቤአለሁ፤ ካርዱ አንገቴ ላይ ይንጠለጠልበት የነበረው ሰማያዊ ማሰሪያ ግን ከበሩ ኋላ ባለው መስቀያ ላይ ቀርቷል። ጠዋት ከቤት ስወጣ እጄ ሳላዘው ወደዚያ ማሰሪያ ይሄዳል። ባዶ መሆኑ ትዝ የሚለኝ ጣቴ ጨርቁን ከነካ በኋላ ነው። በዚያች ቅጽበት ደረቴ ውስጥ የሚወርደውን ነገር ስም አላገኘሁለትም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በልምምድ ክፍል የደም ግፊት መለኪያውን መጠቅለያ ገልብጬ ክንድ ላይ ሳስር፣ በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል የክፍል ጓደኛዬ በትሕትና አስተካከለችልኝ። አመሰገንኋት፤ ከዚያም መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይህ ስሜት ውሳኔዬ የተሳሳተ እንደ ነበር የሚነግረኝ ምልክት ነው ወይስ ከትልቅ ለውጥ ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር ነው? ምልክት ካልሆነስ እንዴት ልያዘው?

ምላሾቹ

ከላይ ያለውን በዚህ የውይይት መድረክ ላይ ከጻፍሁ ሦስት ሳምንት አልፎኛል። ክሩ፣ ማለትም የጥያቄዬና የምላሾቹ ሰንሰለት፣ ስለ ረዘመና አዲስ የሚገቡ አባላት አስቀድሞ የተመለሰውን እየደጋገሙ ስለሚጠይቁ፣ የተባለውን በራሴ አገላለጽ በተራ አስፍሬዋለሁ። ያልተስማማሁበትን አልሸሸግሁም፤ ያስቆጣኝንም ጭምር።

ምላሽ 1። የመጀመሪያው መልስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረሰኝ። ጸሐፊዋ ከብዙ ዓመታት በፊት ከአገር ወደ አገር የተዛወሩ ሴት ናቸው፤ አጻጻፋቸውም የእርጋታ ነበር። ሰው ንብረቱ ቢዘረፍ ወይም ወዳጁ ቢሞትበት የሚያጽናናው አያጣም፤ ራሱ ትቶት ለመጣው ነገር ሲያዝን ግን ፈልገኸው አይደለም ወይ ስለሚባል አፉን ይይዛል ይላሉ። በእሳቸው አስተያየት በፈቃድ የተደረገ ለውጥ የሚያመጣው ሐዘን ሰው ፊት የሚወጣበት ደጅ ስለሌለው ውሎ አድሮ ጥርጣሬ መስሎ ይመለሳል። ይህን የመጨረሻውን ሐሳብ ሦስት ጊዜ ደግሜ አነበብሁት። በእኔም ቤት የሆነው ይኸው ነበር፤ ለአራት ወራት ማንም ሰው ፊት ሥራዬ ናፈቀኝ ብዬ አላውቅም፣ ብቻዬን ስሆን ግን ተሳስቻለሁ ወይ እያልሁ ራሴን ስመረምር ከርሜአለሁ።

ምላሽ 2። ሁለተኛው ጸሐፊ ቶማስ ሆምስና ሪቻርድ ራሄ የተባሉት አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተሙትን የሕይወት ለውጦች መመዘኛ አነሡ። መመዘኛው 43 ክስተቶችን ይዘረዝራል፤ የትዳር ጓደኛ ሞት 100 ነጥብ፣ ፍቺ 73፣ ጋብቻ 50፣ የሥራ ዓይነት መቀየር 36፣ ታላቅ የግል ስኬት ደግሞ 28 ተሰጥቷቸዋል። ጸሐፊው ሊያሳዩኝ የፈለጉት ጋብቻና ስኬት እንኳ ከዝርዝሩ ውስጥ መግባታቸውን ነው፤ ደስ የሚያሰኝ ለውጥም ሰውን ያደክማል ለማለት። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ከዚያ ግን የእኔን ለውጦች አንድ በአንድ ቆጥረው ደመሩና ውጤቱ ለሕመም የሚያጋልጥ መሆኑን አስጠነቀቁኝ።

ምላሽ 3። ወዲያው እርምት መጣ፤ በአክብሮት የቀረበ፣ ነገር ግን ጠንካራ እርምት። መመዘኛው የሚለካው አንድ ክስተት ምን ያህል ራስን ማስተካከል እንደሚጠይቅ እንጂ ምን ያህል እንደሚያም አይደለም። አንዱን ሰው የሚያደቅቅ ፍቺ ሌላውን ነጻ የሚያወጣ ሊሆን ይችላል፣ ነጥቡ ግን ለሁለቱም 73 ነው። ድምሩ ለብዙ ሰዎች በጥቅሉ ሲታይ ከሕመም ጋር የተወሰነ ዝምድና ቢኖረውም የአንድን ግለሰብ ዕጣ አይተነብይም ብለው ዘጉት። ዕድሜዬን ከድምር ጋር ያሳለፍሁ ሰው እንደ መሆኔ ቁጥር ሲቀርብልኝ ማመን ይቀናኛል፤ እርምቱ ባይመጣ ኖሮ ያንን ድምር ይዤ ሌላ ሌሊት ሳልተኛ ባደርሁ ነበር።

ምላሽ 4 እና 5። የምላሽ 4 ጸሐፊ ሊያጽናኑኝ ብለው አምስቱን የሐዘን ደረጃዎች (መካድ፣ ቁጣ፣ መደራደር፣ ትካዜና መቀበል) ጠቀሱ፤ እኔ አሁን በአራተኛው፣ ማለትም በትካዜው ላይ እንደምገኝና የሚቀረኝ መቀበል ብቻ እንደ ሆነ ነገሩኝ። ምላሽ 5 ይህን አልወደዱትም፤ ክሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካረረውም እዚህ ላይ ነው። የአእምሮ ሐኪሟ ኤሊዛቤት ኩብለር-ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ደረጃዎቹን ይፋ ያደረጉት ሊሞቱ ከተቃረቡ ሕሙማን ጋር ካደረጉት ንግግር ተነሥተው መሆኑን፣ ኋላ ግን ሐሳቡ ለሐዘን ሁሉ፣ አልፎ ተርፎም ለሥራ ለውጥ ሁሉ መሰላል ተደርጎ መወሰዱን፣ ሰዎች በዚያ ቅደም ተከተል እንደሚያልፉ ግን ጥናቶች እንዳላረጋገጡ አስረዱ። ቀጥለው ያወጉት የራሳቸው ታሪክ ከትምህርቱ ይልቅ ልቤ ውስጥ ቀርቷል። እኅታቸው ሲሞቱባቸው ቁጣ አልተሰማቸውም፤ አንድ ወዳጃቸው የቁጣውን ደረጃ እንደ ዘለሉትና ገና እንደሚመጣ ስለ ነገራቸው፣ አንድ ዓመት ሙሉ ያልመጣውን ቁጣ ሲጠብቁና በአግባቡ አላዘንሁም ብለው ራሳቸውን ሲወቅሱ ኖሩ። ምላሽ 4 በዚያው ዕለት ማታ ተመልሰው ይቅርታ ጠየቁ፤ ያን ያህል ቶሎ ስሕተቱን የሚቀበል ሰው ብዙ አላየሁም።

ምላሽ 6። አጭር ምክር ነበር። ስለ ጉዳዩ ባላስብ፣ ሐሳቡ ሲመጣ ባባርረውና ራሴን በሥራ ብጠምድ እንደሚተወኝ የሚል ነው።

ምላሽ 7 እና 8። ምላሽ 7 ተስማሙ። ምላሽ 8 ግን የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙትን የነጭ ድብ ሙከራ አነሡ። ተሳታፊዎቹ ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ካሰቡም ደወል እንዲመቱ ታዘዙ፤ ደወሉ ግን መመታቱን አላቆመም። ክልከላው ተነሥቶ እንዲያስቡ ሲፈቀድላቸው ደግሞ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ይበልጥ ስለ ድቡ አሰቡ። ምላሽ 8 ከዚህ ተነሥተው ያደረጉት ልዩነት ጠቅሞኛል፤ ሥራ ላይ መጠመድ በራሱ ክፉ አይደለም፣ ክፉው ስሜቱ እንዳይመጣ በር ላይ ዘብ መቆም ነው፤ ዘብ የቆመ ሰው የሚጠብቀውን ነገር ሁልጊዜ እንዳሰበ ነውና።

ምላሽ 9። ይህን ስጽፍ ዛሬም እጄ ይከብደኛል። ጸሐፊው ከሥራ የተቀነሱ፣ የሚያሳድጓቸው ልጆች ያሏቸው ሰው ናቸው። ሁለት ዓመት አስቦ፣ ገንዘብ አጠራቅሞ፣ የሚፈልገውን ትምህርት የጀመረ ሰው በአደባባይ ማልቀሱ ለእሳቸው ቅንጦት እንደሚመስል ጻፉ። እኔን የሚያስለቅሰኝን ዕድል እሳቸው ቢያገኙት ተንበርክከው እንደሚያመሰግኑ፣ ጥያቄዬም የጠገበ ሰው ጥያቄ እንደ ሆነ ጨመሩበት።

ከምላሽ 10 እስከ 13። ሦስት ሰዎች ተከታትለው ተነሡባቸው። አንዱ ጨዋነት የጎደለው ቃል ስለ ተጠቀመ አወያዩ በምላሽ 13 ገብተው ክርክሩ ከሰው ወደ ነገሩ እንዲመለስ አሳሰቡ። እኔ በወቅቱ ዝም አልሁ፤ ተቆጥቼም አፍሬም ነበር። አሁን ቀዝቀዝ ብዬ ሳየው፣ ምላሽ 9 ስለ ዕድል የተናገሩት ትክክል ነው፤ በፈቃድ የሚለወጥና ተገድዶ የሚለወጥ ሰው እኩል አይደሉም፣ መመለሻ ያለውና የሌለውም እንዲሁ። ነገር ግን የእኔ ሐዘን ቢቀንስ የእሳቸው አይቀልም፤ እኔ ዝም ብል ለእሳቸው የሚደርሳቸው የማጽናኛ ድርሻ አይጨምርም።

ምላሽ 14። ከክሩ ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው። ጸሐፊው 34 ዓመት በመምህርነት አገልግለው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ጡረታውን ናፍቀውት ነበር። ከወጡ በኋላ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ የክፍለ ጊዜ ደወል በሚደወልበት ሰዓት ላይ፣ ቤታቸው ተቀምጠው፣ ምንም ድምፅ ሳይሰሙ፣ የቀኝ እጃቸውን ጣቶች የጠመኔ ብናኝ እንደሚያራግፍ ሰው ያራግፉ ነበር። ባለቤታቸው ናቸው አይተው የነገሯቸው፤ እሳቸው አላወቁትም። እኔ የማሰሪያውን ነገር ስላወራሁ ይህን ለመጻፍ እንደ ደፈሩ ገለጹ።

እኒህ አባት የባህል ተመራማሪው አርኖልድ ቫን ዠኔፕ እ.ኤ.አ. በ1909 ስለ መሸጋገሪያ ሥርዓቶች ያቀረበውን ሐሳብ በራሳቸው መንገድ አብራሩት። ሽግግር ሦስት ክፍል አለው፤ ከነበሩበት መለየት፣ ደፍ ላይ መቆየትና ወደ አዲሱ መቀላቀል። ደፍ ላይ ያለ ሰው ከውጭም አይደለም፣ ከውስጥም አይደለም፤ የቀድሞ ስሙ ተወስዶ አዲሱ ገና አልተሰጠውም። መምህሩ እንደሚሉት በሠርግ፣ በቀብርና በመሳሰለው ሁሉ ሰው ደፉን ሲሻገር ከጎኑ የሚቆም አለ፤ የሥራ፣ የሙያና የአኗኗር ለውጥ ላይ ያለ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ደፉ ላይ ብቻውን ይቆማል፤ የቆመበት ቦታ ደፍ መሆኑን የሚነግረውም የለም። ስለዚህ በሩ የተዘጋበት ይመስለዋል። የመከሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለአንድ ሰው፣ ምክር ለማይሰጥ ሰው፣ አሁን የት እንዳለሁ በሳምንት አንድ ቀን እንድነግር። እሳቸው ለባለቤታቸው ይነግሩ ነበር፤ ንግግሩም ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም ነበር።

ምላሽ 15። ከምላሽ 14 ቀጥሎ ማርጋሬት ስትሮቤና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ሐሳብ ተነሣ። የትዳር ጓደኛ የሞተባቸው ሰዎች ጤናማ በሆነ መንገድ ሲያዝኑ፣ ወደ ያጡት ነገር መዞርና ወደ አዲሱ ኑሮ መዞር እየተፈራረቁ ይሄዳሉ፤ አንዱ ውስጥ ብቻ መቅረት ነው የሚጎዳው። ጸሐፊዋ የሥራ ለውጥና ሞት አንድ እንዳልሆኑ አስቀድመው ተናግረዋል፤ ቢሆንም መመላለሱ ለእኔም ይሠራል ብለው ያምናሉ። ጠዋት አልቅሼ ከሰዓት በልምምድ ክፍል ደስ ሲለኝ ራሴን አስመሳይ አድርጌ እቆጥር ስለ ነበር ይህ ትልቅ ሸክም አቀለለልኝ።

ከምላሽ 16 እስከ 19። እዚህ ላይ ነገሩ ጥቂት ወደ ጎን ሄደ። ምላሽ 16 አዲስ ኑሮ ለመልመድ 21 ቀን ይበቃል፣ አራት ወር ያለፈው ሰው ግን ሌላ ችግር አለበት አሉ። ምላሽ 17 የ21 ቀኑ ነገር ከየት እንደ መጣ አስረዱ፤ ማክስዌል ማልዝ የተባለ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ታካሚዎቹ አዲሱን ፊታቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚወስድባቸው መታዘቡን ጻፈ፤ ቢያንስ የምትለው ቃል በአፍ ስትተላለፍ ጠፋች። ምላሽ 18 ደግሞ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በ96 ሰዎች ላይ ያደረጉትን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነውን ጥናት ጨመሩ። ቀላል የሆነ አዲስ ልማድ ሳይታሰብ የሚሠራ እስኪሆን የወሰደው ጊዜ አማካዩ 66 ቀን ቢሆንም፣ ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያይ ነበር፤ አንድ ቀን መዝለልም የጎላ ጉዳት አላስከተለም። ምላሽ 19 ሁለቱንም ገሠጹ፤ ከምግብ በኋላ ውኃ መጠጣትን መልመድና አዲስ ሰው መሆንን መልመድ በአንድ ሜትር አይለኩም ነው ያሉት። በዚህ እስማማለሁ። ቢሆንም ከ18 እስከ 254 የሚለው ስፋት ቀን መቁጠሬን እንዳቆም ረድቶኛል።

ምላሽ 20። በአእምሮ ጤና ሙያ የሚሠሩ አባል እስካሁን የተባለውን ሁሉ ካነበቡ በኋላ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቁ። ደስ የሚያሰኘኝ ነገር አሁንም አለ ወይ? የምግብ ፍላጎቴ እንዴት ነው? ራሴን ስለ መጉዳት ወይም ስለ መሞት አስቤ አውቃለሁ ወይ? ጥያቄዎቹን ያቀረቡት ሳያለባብሱ ነው፤ ክሩን የሚያነብ ማንኛውም ሰውም ለራሱ እንዲመልሳቸው አሳስበዋል። የመከፋት ወይም የፍላጎት ማጣት ስሜት ከቀኑ አብዛኛውን ክፍል፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ፣ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቀጠለ፣ ከእንቅልፍ፣ ከምግብና ከትኩረት መዛባት ጋር ከተዳበለም፣ የለውጥ ድካም ነው ብሎ ማለፍ ተገቢ እንዳልሆነና ባለሙያ ማየት እንደሚያስፈልግ አስረዱ። ለለውጥ መላመድ አለመቻል በራሱ የሚታከም ችግር ሊሆን እንደሚችልም ገለጹ፤ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ መሠረት ምልክቶቹ አስጨናቂው ነገር ከጀመረ በሦስት ወር ውስጥ ይታያሉ፣ አስጨናቂው ነገርና ውጤቱ ካበቃ በኋላም ከስድስት ወር በላይ አይዘልቁም። ራስን የመጉዳት ሐሳብ የመጣበት ሰው ግን ወርም ሳምንትም መቁጠር የለበትም፤ በዚያው ዕለት ቅርቡ ላለ ሰው መናገርና ወደ ሕክምና መሄድ አለበት።

ምላሽ 21። ይህ የእኔ መልስ ነው። የልምምድ ሰዓት ደስ እንደሚለኝ፣ በደንብ እንደምመገብ፣ ራሴን ስለ መጉዳት አስቤ እንደማላውቅ፣ እንቅልፌ ግን እንደ ተበላሸ ጻፍሁ። ባለሙያው እዚያው ሥር ስለ እንቅልፉ አጭር ምክር ተዉልኝ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ነቅቼ ከቆየሁ ከአልጋ ወርጄ ደብዛዛ ብርሃን ባለበት ቦታ እንድቀመጥ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ እንድመለስ፣ ምንም ባልተኛ እንኳ ጠዋት በአንድ ዓይነት ሰዓት እንድነሣ። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አልጋዬ የማሰላሰያ ቦታ መሆኑ ቀነሰ።

ምላሽ 22። ምላሽ 9 ተመለሱ። ይቅርታ አልጠየቁም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ምላሽ 14ን ካነበቡ በኋላ አንድ ነገር ትዝ እንዳላቸው ብቻ ጻፉ። ከሥራ ከተቀነሱ አምስት ወር ቢያልፍም፣ ልጆቻቸው እንዳይጨነቁ ብለው በየጠዋቱ እንደ ቀድሞው ለብሰው ከቤት ይወጣሉ፣ ማታም በመውጫ ሰዓት ይመለሳሉ። በመካከል ያለውን ቀን የት እንደሚያሳልፉ ለማንም አልተናገሩም። በመጀመሪያ ምላሻቸው የተቆጡት በእኔ ላይ እንዳልነበር የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ባለሙያው አባል ወዲያው በግል መልእክት አነጋገሯቸው፤ ሦስቱ የተነሡባቸው ሰዎችም አንድ በአንድ መልካም ቃል ጻፉላቸው፤ ጨዋነት የጎደለው ቃል ከተጠቀመው ሰው በስተቀር።

ከምላሽ 23 እስከ 25። ስሜትን በስሙ ስለ መጥራት ነበር። ምላሽ 23 ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙትን የአንጎል ምስል ጥናት ጠቅሰው፣ ሰዎች ፊት ላይ የሚያዩትን ስሜት በቃል ሲሰይሙ አሚግዳላ የተባለው፣ ከፍርሃትና ከመሳሰሉት ስሜቶች ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍል ምላሽ እንደሚቀንስ ጻፉ። ምላሽ 24 የሥነ ልቦና ተመራማሪውን የጄምስ ፔኔቤከርን የጽሕፈት ዘዴ መከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 በታተመው ሙከራ ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀናት በቀን 15 ደቂቃ ስለሚያስጨንቃቸው ነገር ጻፉ፣ ወዲያው እንደ ጻፉ የበለጠ ተከፉ፣ በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ጤና ማእከል የሚሄዱበት ጊዜ ቀነሰ። ምላሽ 25 ተቃወሙ። ኋላ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ጥቅሙ መጠነኛ መሆኑን እንዳሳዩ፣ እሳቸውም ለወራት በየማታው ሲጽፉ ያንኑ ቁስል ከመቧጨር ያለፈ እንዳላገኙ ገለጹ። ሁለቱም ትክክል ይመስለኛል፤ ልዩነቱ አራት ቀን ጽፎ በማቆምና ለወራት በመብሰልሰል መካከል ነው።

እኔ አራቱን ቀን ጻፍሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የወጣው ሁሉ አዝኛለሁ የሚል ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ያንን የደም ግፊት መለኪያ ነገር ስጽፍ ቃሉ ተለወጠ፤ ሐዘን አልነበረም፣ እፍረት ነበር። 11 ዓመት ሰዎች ሰነድ ይዘው ወደ እኔ ይመጡ ነበር፤ አሁን መጠቅለያ ማሰር የማላውቅ ሰው ነኝ። በአራተኛው ቀን ማሰሪያውን ጻፍሁት፤ ያም እፍረት ሳይሆን ናፍቆት ነበር፣ ናፍቆቱም የመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ትቀመጥ የነበረችው ባልደረባዬ ናፍቆት ነበር። የሌሊት ስምንት ሰዓቱ ደግሞ ስለ ገንዘብ መፍራት ነው፤ የተጠራቀመው ሲቀንስ ማየት። አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር የመሰለኝ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሆኑ፤ ከሦስቱም አንዱ እንኳ ተመለስ የሚል አልነበረም። እፍረቱ ተጨማሪ የልምምድ ሰዓት ይፈልግ ነበር፤ ናፍቆቱ የስልክ ጥሪ፤ ፍርሃቱ ወረቀት ላይ የሚሠራ የወር በጀት፣ ያም እኔ ደኅና አድርጌ የማውቀው ሥራ ነው።

ምላሽ 26። እዚህ ላይ ነው ክሩ ከሁሉ የበለጠ የተፈተነው። ጸሐፊዋ እንደ እኔ ሙያ ቀይረው፣ ከስምንት ወር በኋላ ወደ ቀድሞው ሥራቸው የተመለሱ ሴት ናቸው። እስከዚህ የጻፍነው ሁሉ አንድ ወገን እንደ ሆነ፣ አንዳንድ ጊዜ የልብ መከፋት እውነተኛ ማስጠንቀቂያ መሆኑን መካድ ሰውን በማይሆንለት ቦታ አስሮ እንደሚያቆይ በጠነከረ ቃል ተናገሩ። እሳቸው የወሰኑት ግን በመጥፎ ቀናቸው አይደለም። ሁሉ ነገር ተሳክቶላቸው፣ ተመስግነው፣ ሳይደክሙ ወደ ቤት በገቡበት ቀን ራሳቸውን ጠየቁ፤ ይህ ቀን በየዕለቱ ቢደገም እፈልገዋለሁ ወይ? መልሱ አልፈልገውም ሆነ። እንዲህ ያለ ቀን ሦስት ጊዜ ጠብቀው፣ ሦስቱንም ጊዜ መልሱ አንድ ስለ ነበር ተመለሱ።

ምላሽ 27 እና 28። ምላሽ 27 ተስፋ አስቆራጭ ብለው ወቀሷቸው። ምላሽ 28 ተከላከሉላቸው፣ በቃላት ልውውጡም ጥቂት ተጎዳዱ። እኔ ከምላሽ 26 ጋር ነኝ። መነሻ ጥያቄዬን ከመለሱልኝ ሁሉ ቀጥተኛው መልስ የእሳቸው ነው፤ የጠዋቱ ዕንባ ስለ ውሳኔው ብዙ አይናገርም፣ መልካሙ ቀን ግን ይናገራል። የእኔን መልካም ቀን ጠየቅሁት። አንዲት ታካሚ ጀርባቸውን ደግፌ ቀና ሳደርጋቸው ክብደታቸውን ሙሉ በሙሉ ክንዴ ላይ የጣሉበት ቀን ነበር። ያ ቀን በየዕለቱ ቢደገም እፈልገዋለሁ።

ምላሽ 29 እና 30። አጫጭር ምስጋናዎች ናቸው፤ አንደኛው ማሰሪያውን እንድጥለው ይመክራል። አልጣልሁትም፤ አሁንም እዚያው ተሰቅሏል፤ እጄም በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ይሄድበታል።

ምላሽ 31። ትናንት ሌሊት የደረሰ ነው። ጸሐፊዋ ከረጅም ትዳር በኋላ ተፋትተው በማግሥቱ ወደ አዲስ ቤት ሊገቡ ዕቃ አስረው የጨረሱ ሴት ናቸው። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ጠዋት ከሁሉ የከፋው ነው ወይ? ቁርጡን ልነግራቸው አልችልም ነበር። ለእኔ የመጀመሪያው ጠዋት ቀላል እንደ ነበር፣ የከበደው አምስተኛው ሳምንት፣ ሰው ሁሉ እንዴት ነህ ማለቱን ባቆመበት ጊዜ እንደ ነበር ጻፍሁላቸው። ስለዚህ ለነገ ጠዋት ብቻ ሳይሆን ለአምስተኛው ሳምንትም የሚደውሉለትን ሰው ስም ዛሬ በወረቀት እንዲይዙ፣ ያ ሰው ከሌለ ደግሞ እዚህ እንዲጽፉ ነገርኋቸው። እስካሁን አልመለሱም፤ ዕቃ እያስገቡ ይሆናል። ክሩን ክፍት አድርጌ እየጠበቅሁ ነው።